ጄሪካን፣ ሹራብ፣ ጓጉንቸር፦ የጉርምስናን ዘመን በቤት ዕቃ መጻፍ

ጎንደር ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሥነ ጽሑፍ ክበቡን የምመራውም እኔ ነኝ። ልጆቹ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ናቸው። ስለ ራሳችሁ ዕድሜ ጻፉ ስላቸው መጀመሪያ የሚያመጡልኝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ማዕበል። መስቀለኛ መንገድ። ቢራቢሮ። ለሌላው እያበራች የምትቀልጥ ሻማ። "ጉርምስና እንደ ባሕር ማዕበል ነው" ብሎ የሚጀምረው ልጅ ባሕር አይቶ አያውቅም። ጣናንም ካየ ጎርጎራ ለሽርሽር ሄዶ ነው። ቤቱ በር ላይ ግን ቢጫ ጄሪካን አለ። በየጊዜው ይሸከመዋል። ስለ እሱ አንድ መስመር አልጻፈም።

ይህን የምጽፈው ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች፣ ለመምህሮቻቸውና ልጆቻቸው የሚጽፉትን ማንበብ ለሚወዱ ወላጆች ነው። በየቀኑ የምንነካውን ዕቃ ይዘን ይህን ዕድሜ እንዴት እንደምንጽፈው፣ ክበባችን ውስጥ የምንሠራበትን መንገድ ላሳያችሁ።

ለምን ዕቃ?

እኛ አገር ልጅ የሚያድገው "የቤት ገመና አይወጣም" እየተባለ ነው። ልክም ነው፤ ገመና ይከበራል። ግን በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ልቡ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር የቤቱ ጉዳይ ነው። አባቱ ሥራ ያጣበት ልጅ ጓደኞቹ ፊት ቆሞ "አባቴ ሥራ አጣ" ብሎ አያነብም። አንብብ ሊባልም አይገባም። የአባቱ የሥራ ጫማ አልጋ ሥር አቧራ ለብሶ መቀመጡን ግን ይጽፋል። የጻፈው ስለ ጫማ ነው። ማንም "ቤታችሁ ምን ሆነ?" ብሎ አያፋጥጠውም። እሱ ግን የሚለውን ብሏል፤ ቀሎታልም። ለእኔ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ደግሞ የጎንደር ልጅ በዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ፊደል ሳይለይ በፊት ሥዕል ለይቷል። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ልጅ ከጣሪያው የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ አይቷል። በየቤተ ክርስቲያኑ ፈረስና ጦር ሲያይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አንበሳና ነብር ሲያይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ የተቆረጠች እግር ሲያይ አቡነ ተክለ ሃይማኖት መሆናቸውን ያውቃል። አንድ ዕቃ ወይም አንድ እንስሳ የሰውን ሙሉ ታሪክ ይዞ ሲቆም አይቷል ማለት ነው። ቅኔውም አለልን። ሰምና ወርቅ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሰሙ ራሱን ችሎ ይቁም። ሰሙ የማይረባ ከሆነ ወርቁን የሚፈልገው የለም። በዕቃ መጻፍም እንዲሁ ነው። ጄሪካኑ መጀመሪያ ውሃ ይያዝ።

የነካችሁትን ብቻ መዝግቡ

ወረቀት ያዙ። ዛሬ ጠዋት ከተነሳችሁ ጀምሮ እስከ ማታ እጃችሁ የነካውን ዕቃ በተራ ጻፉ። ያማረውን፣ "ትርጉም ያለውን" አትምረጡ። የነካችሁትን ብቻ። ብርድ ልብስ፣ የበር መቀርቀሪያ፣ የፊት ውሃ ጣሳ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሹራብ፣ ደብተር፣ የባጃጅ ሳንቲም፣ ቻርጀር፣ የእህት ቅባት። "ቲቸር፣ እኛ ቤት ምንም የለም እኮ" የሚለኝ ልጅ ሁልጊዜ አይጠፋም። ዝርዝሩን ሲጀምር ወረቀቱ አይበቃውም።

ምሳሌያዊነት እዚህ ላይ አይታሰብም። ልጆቹ "ይሄ የምን ምልክት ይሆናል?" ሲሉኝ ቆዩ እላቸዋለሁ።

"የማን ነው?"

አሁን ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ይህን ጥያቄ ጻፉ። የማን ነው?

መንገዱ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ሕፃን የቤቱ ዕቃ ሁሉ የእሱ ይመስለዋል። አዋቂ የራሱን ያውቃል፤ ገዝቶታል። መሃል ላይ ያለው ልጅ ግን የራሱ የሆነ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ስልኩ የእህቱ የነበረ ነው። ሲሙ በእናቱ ስም የወጣ ነው። አልጋውን ከወንድሙ ጋር ይጋራል። ሹራቡ ዘንድሮ የእሱ ነው፤ ለከርሞ የታናሹ ነው። ግን ልቡ "የኔ" የሚለው ነገር ይፈልጋል። የዚህ ዕድሜ ጭቅጭቅ ብዙው ከዚህ ይነሳል። "ስልኬን ማን ነካው?" "ስልክህ? ማን ገዛውና!" ይህን ንግግር ያልሰማ ቤት ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ጠይቁ። ማን ገዛው? ቢጠፋ ማን ይቆጣል? እንግዳ ሲመጣ የት ይደበቃል? ከማን ነው የምትደብቁት? ሁለት ሰው "የኔ ነው" የሚለውን ዕቃ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ሌላውን ተዉት።

ቁልፍን እንውሰድ። ከተማ ተወልዶ ያደገ ልጅ 16 ዓመት ሞልቶትም የግቢው በር ቁልፍ ላይሰጠው ይችላል። ማታ ሲያመሽ በሩን ያንኳኳል። ማን እንደሚከፍትለት ይጨነቃል። አባትየው ከሆነ ጉድ ፈላ። እናትየው ከሆነች ድምፅ ሳታሰማ ታስገባዋለች። ቁልፍ ለዚህ ልጅ ገና ያልመጣ ነገር ነው። እናቱ "እንካ፣ አስቀርጸህ መልስልኝ" ያለችው ቀን ለእሱ ትልቅ ቀን ነው።

ከወገራ፣ ከአርማጭሆ፣ ከበለሳ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ደግሞ ገና በ15 ዓመቱ ጓጉንቸር ገዝቷል። ቁልፉን በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከፍቶ የሚገባው ባዶ ክፍል ነው። ለገበያ ከሚመጣ የአገሩ ሰው ጋር የተላከለትን በሶና ድርቆሽ ከቅዳሜ ገበያ ተቀብሎ ይመጣና ይቆልፍበታል። "ማን ነው?" የሚለው የለም። "አመሸህ" የሚለው የለም። ለዚህ ልጅ ቁልፍ የሚያስታውሰው የቀረበትን ነገር ነው።

ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱም ስለ ቁልፍ ሊጽፉ ይችላሉ። አንዱ የሚመኘው ነገር ለሌላው ብቸኝነት ነው። ቁልፍ "የነፃነት ምልክት ነው" ብለን ሰሌዳ ላይ ብንጽፍ ኖሮ የሁለተኛውን ልጅ ታሪክ ገና ሳይጀምር ዘግተንበት ነበር። ለዚህ ነው "ይህ ዕቃ የዚህ ምልክት ነው" የሚል ሰንጠረዥ ክበባችን ውስጥ የማላስገባው። ትርጉሙ ያለው ዕቃው ውስጥ ሳይሆን በዕቃውና በያዘው ልጅ መካከል ነው።

ዕቃው ሥራውን ይሥራ

የመረጣችሁትን ዕቃ መጀመሪያ ሥራ ላይ አሳዩት። ከምን ተሠራ? የቱ ጋ ተላጠ? ምን ድምፅ አለው? ማን ጠገነው? ጄሪካኑን እንየው። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ የለመደ ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የተወተፈ። እጀታው ጣት እንዳይቆርጥ ጨርቅ የተጠመጠመበት። ቦኖ ላይ እንዳይቀየር በምስማር ተጭሮ ስም የተጻፈበት፤ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ የእናት ስም ነው። ጄሪካኑ ወረፋ ይይዛል፣ ባለቤቱ ጥላ ሥር ይቀመጣል።

ሌላም አለው። መጠን። አምስት ሊትር፣ አሥር ሊትር፣ ሃያ ሊትር። ልጅ የሚያድገው በዚህ ነው። "አሁን አሥሩን ትችላለህ" የምትለው እናት ናት፤ ልደት ሳይከበር ልጁ አንድ ደረጃ ወጣ ማለት ነው። ደግሞ አንድ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ወንዱ ልጅ ጄሪካን ይዞ መታየት ማፈር ይጀምራል። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ይጠብቃል። ያኔ ጎረምሳ መሆኑን እናትየው ከጢሙ በፊት ከጄሪካኑ ታውቃለች።

አሁን ሁለት አጻጻፍ ላሳያችሁ። ሁለቱንም ለማስተማሪያ ብዬ ራሴ የጻፍኳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ይህ ነው፦

"ጄሪካኑ የሕይወቴ ሸክም ምልክት ነው። እንደ እሱ ባዶ ሆኜ እሄዳለሁ፣ በችግር ተሞልቼ እመለሳለሁ። ማደግ ከባድ ነው።"

ሁለተኛው ደግሞ፦

"ውሃ የመጣው ሌሊት ነው። እማዬ ብርድ ልብሱን ገፈፈችኝ። ዘንድሮ አምስቷን ለታናሼ ሰጥታ ለኔ ሃያውን ነው የምታቀብለኝ። ስሄድ ባዶውን እየደበደብኩ ሄድኩ። ስመለስ ፌስታሉ ተንሸራተተና ሱሪዬ ራሰ። ማዞሪያው ላይ የእነ እንትና በር ክፍት ነበር። ቆሜ ጄሪካኑን ከቀኝ ወደ ግራ እጄ አዞርኩት፣ በሩ በቀኜ ስለሆነ። ቤት ስገባ እማዬ ውሃውን አይታ 'ጎድሏል' አለች። ሱሪዬን አላየችም።"

በሁለተኛው ውስጥ "ማደግ" የሚል ቃል የለም። "ሸክም"ም የለም። ልጁ ያፈረው ከማን እንደሆነ ግን አውቀናል። አምስቷ ወደ ታናሹ ማለፏን አይተናል። እናት ውሃውን ስታይ ልጁን አለማየቷ ደግሞ ያመናል። የተጻፈው ግን ከአንድ ጄሪካን ውሃ በላይ አይደለም።

ዕቃው ሦስት ጊዜ ይምጣ

አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ዕቃ ዕቃ ነው። ሦስት ጊዜ ሲመጣ አንባቢው ይከተለዋል። በየጊዜው ግን አንድ ነገር ይለወጥ፦ ያለበት ቦታ፣ የያዘው እጅ ወይም ባለቤቱ።

የዩኒፎርም ሹራብ ለዚህ የሚመች ነገር ነው። እናት ስትገዛ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አስበልጣ ነው። "ታድግበታለህ" ትላለች። በመጀመሪያው ዓመት እጅጌው ሁለቴ ታጥፎም ጣት ይሸፍናል። በሁለተኛው ዓመት ልክ ይሆናል፤ ልክ ሲሆን ግን ማንም ልብ አይለውም። በሦስተኛው ዓመት የእጅ አንጓው ወጥቶ ይታያል፣ ልጁ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ከዚያ አንድ ቀን ከጓዳ የእናቱን ድምፅ ይሰማል። ሹራቡን ለታናሹ እየለካችለት "ታድግበታለህ" ትላለች። እዚያ ላይ አቁሙ። ከዚህ በኋላ የምትጨምሩት ነገር ሁሉ ያበላሸዋል።

ሌሎችንም በአጭሩ ልጥቀስ። የጉዞ ቦርሳ አለ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ ውጭ የሚያድረው ያን ቦርሳ ይዞ ነው። ማን እንደሚያሽገው፣ ምን ተጨምሮ ምን እንደሚወጣ ጻፉ። መስታወት ያረጀ ምሳሌ ነው ይባላል፤ ግን መስታወቱ የተሰቀለው በአባትየው ፊት ልክ ከሆነ፣ ልጁም በበርጩማ ቆሞ ሲያይበት ኖሮ አንድ ቀን በርጩማው ካላስፈለገው መስታወቱ አዲስ ነው። ነጠላም እንዲሁ። ሐዘን ቤት ስትሄድ ማንም ሳይነግራት ጥለቱን ወደ አንገቷ ያዞረች ልጅ ያን ቀን ከልጅነት ወጥታለች። የሂጃብ ስፒል፦ መስታወት ሳታይ፣ እናቷ ሳታግዛት የሰካችበት ጠዋት። ስልክን ሁሉም ይጽፋል፤ አብዛኛው ስለ ስክሪኑ ነው። እኔ የምወደው እናት ስትገባ ስልኩን በፊቱ የሚደፋውን እጅ የሚጽፈውን ነው።

ሎሚ ሲገጥማችሁ

አንዳንድ ዕቃ ትርጉሙ አስቀድሞ ተሰጥቶታል። የጎንደር ልጅ ስለ ፍቅር ሲጽፍ ሎሚ ሳይመጣ አይቀርም። ጥምቀት ላይ ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ የለም። ስለዚህ ሎሚው ተወርውሮ፣ ደረቷን መትቶ፣ ፈገግ ብላ ካለቀ አንባቢው ከእናንተ በፊት ደርሷል።

ሎሚውን አትጣሉት። ወደ ጓዳ መልሱት። ለምሳሌ ልጁ ሎሚ ገዝቶ ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ ይሄዳል። የፋሲል መዋኛ ዙሪያውን ሰው ሞልቶታል። ልጅቷን ከእናቷ ጋር ያያታል። አይወረውርም። ሎሚው ኪሱ ውስጥ እንዳለ ወደ ቤት ይመለሳል፤ እናቱ ልብስ ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ታገኘዋለች። ምንም አትለውም። ማታ ሰላጣው ላይ ትጨምቀዋለች። ልጁ ይበላል። እናት አውቃለች ወይስ አላወቀችም? ይህን ለአንባቢ ተዉለት። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለውን ተረትም እንዲሁ ተጠቀሙበት፤ ቀሚሱ የአምናው መሆኑን ብቻ ጻፉ። ተረቱን አንባቢው ራሱ ይለዋል።

የምንሰርዘው

ጽፋችሁ ስትጨርሱ እስክሪብቶ ያዙና እነዚህን ፈልጉ። "ምልክት ነው"፣ "ማለት ነው"፣ "ልክ እንደ እኔ ሕይወት"፣ "ያን ጊዜ ገባኝ"፣ "ከዚህ የተማርኩት"። ሰርዙ። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ይከራከሩኛል። "ሳይገባቸው ቢቀርስ?" ይላሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ሲያስተምሯቸው የኖሩት ድርሰት በምክር እንዲያልቅ ነው። ፈተና ላይ ምክሩን ይጻፉ። እዚህ ግን አንባቢን እንመን።

ከዚያ ፈትኑት። ዕቃውን ከታሪኩ አውጡትና እንደገና አንብቡ። ታሪኩ ሳይጎድል ከቆመ ዕቃው ጌጥ ነበር፤ ወደ ዝርዝሩ ተመለሱና ሌላ ፈልጉ። ሁለተኛው ፈተና ሥነ ጽሑፍ ለማያነብ ሰው ማንበብ ነው። ለአያት፣ ለጎረቤት። "ስለ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ስለ ውሃ ነው" ካሉ ጥሩ። ትንሽ ቆይተው ስለ ራሳቸው ልጅነት ማውራት ከጀመሩ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ወርቁን አግኝተውታል።

ለመምህራንና ለወላጆች

አንድ ነገር አደራ። ልጁ ያነበበውን ስትሰሙ "ይሄ አንተ ነህ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "አባትህ እውነት እንዲህ አለ?" አትበሉ። ዕቃውን የመረጠው እንዲሸፍነው ነው። ገልጣችሁ ካያችሁት ሁለተኛ አይጽፍም። ጥያቄ ካላችሁ ስለ ዕቃው ጠይቁ። "ፌስታሉን ማን ነው የሚወትፈው?" በሉት። ከፈለገ በዚያው በኩል ይነግራችኋል። የጻፈው ነገር ስለ ልጁ ደኅንነት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ያኔ ስለ ጽሑፉ አታውሩ፤ ብቻውን አግኝታችሁ ረጋ ብላችሁ አነጋግሩት፤ ሊረዳው ወደሚችል ሰውም አብራችሁ ሂዱ።

ወላጅ ከሆናችሁና ስለ ቤታችሁ ጄሪካን ተጽፎ ካገኛችሁ አትቆጡ። ስማችሁ እንኳ የለበትም።

ክበባችን ውስጥ ጽሑፉ ከአንድ ገጽ እንዲበልጥ አልፈቅድም። በአንድ ገጽ አንድ ዕቃ። የሚነበበው ቆሞ፣ ቀስ ተብሎ፣ ያለ ሙዚቃ ነው። ስለ ጓጉንቸሩ የጻፈ ልጅ ጓጉንቸሩን፣ ስለ ሹራቡ የጻፈች ልጅ ሹራቡን ይዘው መድረክ ላይ እንዲወጡም አልፈቅድም። ዕቃው ቤት ይቆይ። ክብደቱን ቃሉ ይሸከመው፤ ያልተሸከመ እንደሆነ ገና አንድ ጊዜ እንጽፈዋለን።